ሉዊስ ብሬል፦ ፊደልን ከዐይን ወደ ጣት ያወረደው ሰው

በዲፓርትመንታችን ስለ ተች ስክሪን ሲወራ የሚነሱት ስሞች የታወቁ ናቸው። አንዱ አፕልን ያነሳል፣ ሌላው ሳምሰንግን። ወዲያው ባለ ቁልፉ ይሻላል ወይስ መስታወቱ የሚለው ክርክር ይከተላል። መስታወቱ ሲነካ ለጣት እንደ ቁልፍ ጠቅ የሚል ስሜት የሚሰጥ ቴክኖሎጂ ከመጣ ወዲህ ደግሞ፣ ቁልፍ የሚባል ነገር ጨርሶ ሊቀር ነው የሚሉም አሉ። በዚህ ነገር ላይ እኔም የምለው አለኝ። የምናገረው ግን ስልክ ከመፈጠሩ በፊት በሞተ ሰው ሕይወት በኩል ነው።

ሰውየው ሉዊስ ብሬል ይባላል። ስሙን ሁላችንም እንጠራዋለን፤ ዐይነ ስውራን ተማሪዎች በጣታቸው የሚያነቡትን ጽሑፍ ብሬል እንላለን። የሰውየውን ታሪክ ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ጣት ምን እንደሚፈልግ አጥብቀው ካሰቡ ሰዎች አንዱ እሱ ስለሆነ፣ ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ታሪኩን አብረን እንየው።

ልጅነቱ

ሉዊስ ብሬል የተወለደው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1809 ነው። ቦታው ከፓሪስ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ኩቭሬ የምትባል የገጠር መንደር ናት። አባቱ ሲሞን ሬኔ ብሬል ኮርቻና ሌላም የፈረስ ዕቃ ከቆዳ እየሠራ የሚተዳደር ባለሙያ ነበር። ሉዊስ ከአራት ልጆች የመጨረሻው ነው።

በ3 ዓመቱ አባቱ ሥራ ቤት ገብቶ ሲጫወት ወስፌ አነሳ። አባቱ ሲያደርግ እንዳየው ቆዳ ለመብሳት ሲታገል ወስፌው ሾልኮ አንድ ዐይኑን ወጋው። በዚያን ጊዜ የዐይን ቁስል የሚያድን መድኃኒት አልነበረም። ቁስሉ አመረቀዘ፣ ጉዳቱ ወደ ሁለተኛው ዐይን ተላለፈ፤ ልጁ 5 ዓመት ሲሞላው ጨርሶ አያይም ነበር።

ይህን ሳነብ ለእኔ የሩቅ አገር ተረት አልመሰለኝም። ተወልጄ ባደግሁበት በፎገራ፣ በአጠቃላይም በአማራ ክልል፣ የዐይን ማዝ (ትራኮማ) የብዙ ሰው ብርሃን የወሰደ በሽታ ነው። ሕመሙ እየተመላለሰ ቆቡን ያቆስለዋል፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ሲቀለበስ የራስ ሽፋሽፍት የዐይንን ብሌን ይፍቃል። ብዙ እናቶች ወረንጦ ከአንገታቸው የማይለዩት ያንን ፀጉር ለመንቀል ነው። ስለዚህ ዐይን ማጣት በእኛ ሜዳ ላይ ብርቅ ነገር አይደለም። ብርቁ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ማለትም ያ ሰው እንዴት ይማራል፣ እንዴት ይሠራል የሚለው።

የሉዊስ ወላጆች ልጃቸውን ቤት አልደበቁትም። አባቱ ዱላ ሰጥቶት መንደሩን እየዳሰሰ እንዲሄድ አስለመደው። እንጨት ላይ ምስማር እየመታ የፊደል ቅርጽ በጣቱ እንዲለይ አደረገው ይባላል። የመንደሩ ቄስ ያስተማሩት ሲሆን በኋላም ከሚያዩት ልጆች ጋር ትምህርት ቤት ገባ። በጆሮው ብቻ እየሰማ ጎበዝ ተማሪ ሆነ።

በእኛም አገር ይህ የታወቀ ነው። በየደብሩ በቃል ትምህርት ድጓውንና ቅኔውን የተማሩ ዐይነ ስውራን ሊቃውንት ነበሩ፣ አሁንም አሉ። ችግሩ በቃል የያዙትን ለብቻቸው ጽፈው ማስቀመጥ አለመቻላቸው ነው። ሉዊስም የገጠመው ይኸው ነበር።

ፓሪስ፦ ለዐይን የተሠራ ፊደል

እ.ኤ.አ. በ1819፣ በ10 ዓመቱ፣ ፓሪስ ወደሚገኘው የዐይነ ስውራን ወጣቶች ትምህርት ቤት ተላከ። ትምህርት ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1785 ያቋቋመው ቫለንቲን አዩዊ የሚባል ሰው ነው። ሕንፃው አሮጌና እርጥበት የበዛበት ስለነበር ለጤና አይመችም ነበር።

አዩዊ ትልቅ ሰው ነው። ዐይነ ስውር ማንበብ ይችላል ብሎ በተግባር ያሳየ እሱ ነው። ዘዴው ደግሞ ቀላል ይመስላል፤ ተራውን የላቲን ፊደል በትልቁ ወፍራም ወረቀት ላይ ማሳበጥ ነው። ተማሪው የእያንዳንዱን ፊደል ጠርዝ በጣቱ ዞሮ ዞሮ ይለየዋል። መጽሐፎቹ ግዙፍና ከባድ ነበሩ። አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ሲደረስ መጀመሪያው ይረሳል። መጻፍማ አይታሰብም፤ ፊደሉን የሚያሳብጠው ማተሚያ ቤት ነውና።

ስሕተቱ የት ላይ ነው? አዩዊ ለዐይን የተሠራን ነገር ወስዶ ለጣት ሰጠው። ፊደሉ ጎበጥ ብሎ ይዳሰሳል እንጂ አቀራረጹ ዐይን በአንድ ጊዜ እንዲያየው ነው። ጣት ደግሞ እንደ ዐይን አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን ትንሽ ቦታ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ከ12 ነጥብ ወደ 6

እ.ኤ.አ. በ1821 ሻርል ባርቢዬ የተባለ የቀድሞ የጦር መኮንን ወደ ትምህርት ቤቱ አዲስ ዘዴ ይዞ መጣ። ዘዴው በመስመር ፈንታ ነጥብ ይጠቀማል። ነጥቦቹ በሁለት ዓምድ ስድስት ስድስት ሆነው በድምሩ እስከ 12 ይደርሳሉ። ወረቀቱን በሹል ነገር እየወጉ መጻፍም ይቻላል። ተማሪዎቹ ደስ አላቸው፤ ነጥብ ከመስመር ይልቅ ለጣት ግልጽ ነው።

ሉዊስ ያኔ 12 ዓመቱ ነው። ዘዴውን ሲሞክረው ጥቅሙንም ጉድለቱንም አየ። አንደኛ፣ 12 ነጥብ ከአንድ ጣት ጫፍ በላይ ነው፤ ጣት ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ አለበት። ሁለተኛ፣ የባርቢዬ ምልክቶች የሚወክሉት ድምፅን እንጂ ሆሄን አልነበረም። ሥርዓተ ነጥብ የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ የሙዚቃ ኖታም የለውም። ባርቢዬ ለዐይነ ስውር ይኸው ይበቃዋል ያለ ይመስላል። ተማሪው ሉዊስ ግን ሌላው ሰው የሚጽፈውን ሁሉ መጻፍ ነበር የፈለገው።

ቀን ክፍል ውስጥ፣ ሌሊት አልጋው ላይ፣ በእረፍት ጊዜ ደግሞ ኩቭሬ ላይ እየወጋ ይሞክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1824፣ በ15 ዓመቱ፣ ዋናውን ሥራ ጨረሰ። 12ቱን ነጥብ ወደ 6 አወረደው፤ ሁለት ዓምድ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት። ይህ ልክ ከአንድ የጣት ጫፍ ሥር ይገባል። ጣት ሳይመላለስ፣ አንድ ጊዜ ሲያርፍ ሆሄውን በሙሉ ያገኘዋል። ከ6 ነጥብ ደግሞ 63 የተለያዩ ምልክቶች ይወጣሉ፤ ለሆሄው፣ ለቁጥሩ፣ ለሥርዓተ ነጥቡ፣ ለኖታውም ይበቃሉ። የእኛ ክፍል ልጆች ይህን በቀላሉ ያሰሉታል፤ ሁለት በስድስት ኃይል 64 ነው፣ ባዶውን ቀንሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዐይኑን የወሰደው መሣሪያ ወስፌ ነው። የጻፈበትም መሣሪያ ከወስፌ ብዙ የማይለይ ሹል ነገር ነው። ፎገራ ውስጥ እናቶቻችን መሶብና ሰፌድ የሚሰፉበት ወስፌ እጃቸው ላይ ሲሄድ ላየ ሰው፣ ጣት ምን ያህል እንደሚያስተውል መንገር አያስፈልግም። የሚሰፋውን እያዩ ብቻ አይሰፉም፤ እየዳሰሱ ነው።

መምህሩ

ሥርዓቱን የሚገልጸውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1829 አሳተመ። በ1837 ደግሞ አሻሽሎ በድጋሚ አወጣው። በዚሁ ትምህርት ቤት በ1828 ረዳት አስተማሪ፣ በ1833 ከሁለት ዐይነ ስውራን ጓደኞቹ ጋር ሙሉ መምህር ሆነ። ሙዚቃም ይችል ነበርና በፓሪስ አብያተ ክርስቲያናት ኦርጋን ይጫወት ነበር። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ያም ሆኖ ለተቸገሩ ተማሪዎች ይሰጥ እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ያስታውሳሉ።

ገና በ20ዎቹ ዕድሜው ሳለ የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ከዚያ በኋላ ሕይወቱ አንድ ጊዜ ሻል፣ አንድ ጊዜ ከፋ እያለው ኩቭሬና ፓሪስ መመላለስ ሆነ።

ትልቁ ፈተና ግን ከበሽታው ብቻ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1840 ሲደግፉት የነበሩት ዳይሬክተር ተነሱና ዱፎ የተባለ ሰው ቦታውን ያዘ። ዱፎ የብሬልን ነጥብ ከለከለ። በነጥብ የተጻፉት መጻሕፍትም ተቃጠሉ። ምክንያቱ ሲታይ ሞኝነት አይመስልም፤ የሚያይ ሰው የማያውቀው ፊደል ዐይነ ስውሩን ከማኅበረሰቡ ይለየዋል የሚል ነው። ታዲያ ተማሪዎቹ አልተቀበሉትም፤ ከአስተማሪ ተደብቀው በነጥብ ይጻጻፉ ጀመር። ክልከላው የተሸነፈው በክርክር ሳይሆን በዚህ ነው። በእጅህ የምትጽፈውንና ራስህ መልሰህ የምታነበውን ነገር አንዴ ካገኘህ ማንም ሊያስተውህ አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1844 ትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ሲያስመርቅ፣ ምክትል ዳይሬክተሩ ጓዴ በሕዝብ ፊት ስለ ብሬል ሥርዓት ተናገረ። አንድ ልጅ የተነበበለትን በነጥብ ጻፈ፤ ውጭ እንዲቆይ የተደረገ ሌላ ልጅ ገብቶ አነበበው። ዱፎም ሐሳቡን ለውጦ ነበር።

ወደ ቁልፍ የወሰደው መንገድ

ይህ የታሪኩ ክፍል ለእኛ ዲፓርትመንት በተለይ ይመለከታል። ብሬል የዱፎን ስጋት ንቆ አልተወውም። ዐይነ ስውር ለሚያይ ዘመዱ ደብዳቤ እንዲጽፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ሌላ ዘዴ አወጣ። የላቲኑን ፊደል ቅርጽ በነጥቦች እየሠሩ መጻፍ ነው፤ የሚያይ ሰው በዐይኑ ያነበዋል። ነገር ግን ነጥቦቹን አንድ በአንድ መውጋት አድካሚ ሆነ። በዚህ ጊዜ ፍራንሷ ፉኮ የተባለ፣ እሱም ዐይነ ስውር የሆነ መካኒክ፣ እ.ኤ.አ. በ1841 መኪና ሠራ። መኪናው 10 ቁልፎች አሉት፤ ቁልፎቹ ሲጫኑ ነጥቦቹ በአንድ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ያርፋሉ። የጽሕፈት መኪና (ታይፕራይተር) በየቢሮው ከመግባቱ ከብዙ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ዛሬ በጣታችን የምንመታው ኪቦርድ ከቀደምት ዘመዶቹ አንዱ ሁለት ዐይነ ስውራን የተባበሩበት ይህ መኪና ነው።

ሉዊስ ብሬል እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 1852 ሞተ፤ 43 ዓመት ከሞላው ሁለት ቀኑ ነበር። ኩቭሬ ተቀበረ። ሥርዓቱ በፈረንሳይ በይፋ ተቀባይነት ያገኘው ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1854 ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ፍራንክ ሆል የሚባል አሜሪካዊ ስድስት ቁልፍ ያለው የብሬል መጻፊያ መኪና አወጣ፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቁልፍ። በ1952፣ በሞተ በ100 ዓመቱ፣ አጽሙ የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወዳረፉበት ወደ ፓንቴዮን ተዛወረ። እጆቹ ግን ኩቭሬ ቀሩ። መንደሪቱ ለራሷ ያስቀረችው እጆቹን ነው።

ወደ እኛ ፊደል

ብሬል ሲመጣ የእኛ ፊደል አስቸጋሪ ጥያቄ አስነሳ። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ከስድስቱ ነጥቦች የሚወጣው ደግሞ 63 ብቻ ነው። መፍትሔው ሆሄውን ከአናባቢው መለየት ሆነ። በአማርኛ ብሬል መጀመሪያ ተነባቢው ይጻፋል፣ ቀጥሎ አናባቢውን የሚያመለክተው ምልክት ይመጣል። የሰበታው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትን የመሳሰሉት ያስተማሯቸው ተማሪዎች በስሌትና በስታይለስ የሚጽፉት እንዲህ ነው። በስሌት ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል።

መስታወቱ ምን ጎደለው?

አሁን ወደ ክርክራችን። ቁልፍ ለጣት ሁለት ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያው፣ ከመጫንህ በፊት የት እንዳለህ መንገር ነው፤ ጠርዙን ትዳስሳለህ፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ 5 ቁጥር ላይ ያለችውን እብጠት ታገኛለህ። ሁለተኛው፣ ከተጫንክ በኋላ መጫንህን መንገር ነው። ተች ስክሪን ሲመጣ ሁለቱም ጠፉ። መስታወቱ የጣትን ኤሌክትሪክ ያውቃል፣ ጣት ግን መስታወቱ ላይ ያለውን አያውቅም። ይህ በእኔ ግምት የአዩዊ ፊደል ነው፤ ለዐይን የተሠራ፣ ጣት እንዲከተለው የተፈረደበት።

ኩባንያዎቹም ይህን አላጡትም። ብላክቤሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ስቶርም በተባለው ስልኩ መላውን ስክሪን እንደ አንድ ትልቅ ቁልፍ ወደ ታች እንዲጫን አድርጎ ሞከረ። አፕል በ2016 አይፎን 7 ላይ የማይንቀሳቀስ ቁልፍ አደረገ፤ ውስጥ ያለ ትንሽ ሞተር ሲነዝር ጣት የተጫነ ይመስለዋል። ዛሬ ብዙው ስልክ ፊደል ሲነካ ነዘር ያደርጋል። ግን ልብ እንበል፤ ንዝረቱ የሚመልሰው ሁለተኛውን ጥያቄ ብቻ ነው። ነክተሃል ይልሃል እንጂ የት እንዳለህ አይነግርህም። ይህ ደግሞ የባርቢዬ ደረጃ ነው። አቅጣጫው ትክክል ነው፣ በጣት ልክ ግን ገና አልተሰፋም። ታክተስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ከስክሪኑ ሥር ፈሳሽ እየገፋ እውነተኛ እብጠት የሚያወጣ ስክሪን አሳይቶ ነበር። የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ ይህ ነው፤ በየሰው ኪስ ግን አልገባም።

መስታወቱን ለመውቀስ ብቻም አልጻፍኩም። ለአማርኛ ባለውለታ ነው። 231 ፊደል በ12 ቁልፍ ላይ ማስፈር መከራ ነበር፤ መስታወቱ ላይ ግን ቁልፉ እንደ ፊደሉ ይለዋወጣል። ለዐይነ ስውራንም ከ2009 ጀምሮ አይፎን ጣት ያረፈበትን በድምፅ ያነባል። ከሁሉም የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አይፎን፣ በ2020 ደግሞ አንድሮይድ፣ በስክሪኑ ላይ በስድስት ጣት ብሬል መጻፍ አስቻሉ። ስድስቱ ነጥቦች መስታወቱ ላይ ሲቀመጡ ጣቶች ቁልፍ ፍለጋ መንከራተት አይኖርባቸውም፤ እያንዳንዱ ጣት የራሱ ነጥብ አለው። የ15 ዓመቱ ልጅ ያገኘው ልክ፣ 200 ዓመት ሊሞላው ሲል እብጠት በሌለው መስታወት ላይ ሠራ።

ፎገራ ላይ ሲታይ

ወረታ አካባቢ የሚኖሩ ዐይነ ስውር አጎት አሉኝ። ሩዝ ያመርታሉ። ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ከ5 ቁጥር እየተነሱ ይደውላሉ፤ ነጋዴውንም፣ ጉልበት ሠራተኛውንም ራሳቸው ያገኙታል። አንድ ዘመድ ከከተማ ስማርት ስልክ በስጦታ አመጣላቸው። ስልኩ ሲጠራ ማንሳት አቃታቸው፤ የት ተነክቶ እንደሚነሳ መዳሰስ አይቻልማ። ለልጆቹ ሰጡትና ወደ አሮጌው ተመለሱ። አሮጌውም ቢሆን ሙሉ አይደለም። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ሲጀመር በአጭር ኮድ በባለ ቁልፍ ስልክም እንዲሠራ ሆኖ መጣ፤ አጎቴ ኮዱን ይጫናሉ፣ ስክሪኑ ላይ የመጣውን ገንዘብ ግን የሚያነብላቸው ልጅ ነው። አንዱ ስልክ እጃቸውን ያውቃል፣ አይናገርም። ሌላው መናገር ይችላል፣ እጃቸውን አያውቅም። ገንዘባቸው ስንት እንደሆነ ከልጅ አፍ የሚሰማ ሰው፣ ሚስጥሩ የራሱ አይደለም።

ስለዚህ ቁልፍ ይቅር ወይስ አይቅር የሚለው ክርክር ለእኔ ዋናው አይደለም። ብሬል ያስተማረን መለኪያ ሌላ ነው፤ ጣት አንዴ ሲያርፍ የት እንዳለ ያውቃል? ያለ ሰው እርዳታ ጽፎ መልሶ ያነባል? መስታወቱ ይህን ከቻለ ቁልፉ ቢቀር አይቆጨኝም። ካልቻለ ግን ቁልፉን ከማንሳታችን በፊት ቁልፉ የሚያገናኘውን ሰው እንቁጠር።

ለመመረቂያ ፕሮጀክት አፕ የምትሠሩ የክፍል ጓደኞቼ፣ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሥራችሁን ለመምህር ከማቅረባችሁ በፊት ግቢያችን ውስጥ ለሚማር አንድ ዐይነ ስውር ተማሪ ስጡት። ከጎኑ ቁጭ በሉ፣ አትንገሩት፣ እጁን ብቻ ተመልከቱ። እጁ የሚንከራተትበትን ቦታ በደብተራችሁ መዝግቡ፤ ማስተካከል የሚጀመረው ከዚያ ነው።